ስለ ኮመን ሞድ ቾክ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኖይዝ፣ ማለትም በመስመር ላይ የሚገባ ያልተፈለገ የኤሌክትሪክ ረብሻ፣ ያስቸገራቸው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ወደ ከባዱ አሰልፌዋለሁ።

ኮመን ሞድ ቾክ ምንድን ነው?

በአንድ ኮር (ማግኔታዊ ፍሰት የሚያልፍበት እምብርት) ላይ የተጠመጠሙ ሁለት ሽቦዎች ናቸው። የዙራቸው ብዛት እኩል ነው። አንደኛው በመሄጃው መስመር፣ ሁለተኛው በመመለሻው መስመር ላይ ይገባል። ስለዚህ እቃው አራት እግር አለው። ኮሩ ብዙ ጊዜ ቀለበት ነው፤ አራት ማዕዘን የሆነም አለ።

አይታችሁታል፤ ስሙን አላወቃችሁት ይሆናል እንጂ። የድሮ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ከፍታችሁ ገመዱ ከሚገባበት ጀምራችሁ ተከተሉ። መጀመሪያ ፊውዝ አለ። ቀጥሎ ሳጥን የመሰለ ካፓሲተር። ከዚያ በግራና በቀኝ ወፍራም የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት፣ መሃሉ በፕላስቲክ የተከፈለ ቀለበት ታያላችሁ። እሱ ነው። ክዳኑን የምትከፍቱት ግን ገመዱ ተነቅሎ ከቆየ በኋላ ይሁን። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ከተነቀሉም በኋላ ክፉኛ ይነዝራሉ።

ኮመን ሞድ ማለት ራሱ ምን ማለት ነው?

ጤነኛው ከረንት በአንዱ ሽቦ ይሄዳል፣ በሌላው ይመለሳል። 1 አምፒር ከሄደ 1 አምፒር ይመለሳል። ይህ ዲፈረንሻል ሞድ ይባላል። አምፖሉን የሚያበራው፣ ስልኩን ቻርጅ የሚያደርገው እሱ ነው።

ኮመን ሞድ ከረንት ግን በሁለቱም ሽቦዎች ላይ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ አቅጣጫ ይጓዛል። ታዲያ በየት በኩል ይመለሳል? ከረንት መመለሻ ሳይኖረው አይወጣምና ሦስተኛ መንገድ ይፈልጋል። በኤርዝ ሽቦ ሊሆን ይችላል። በእቃው የብረት አካል ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ማንም ሥዕሉ ላይ ባልሳላት ትንሽ ካፓሲታንስ (ሳይነካኩ በተቀራረቡ ብረቶች መካከል የሚፈጠር ካፓሲተርነት) በኩል፣ በአየር ውስጥ ነው። ይህን ሦስተኛ መንገድ ያዙልኝ። ከዚህ በታች የሚመጣው ጣጣ ሁሉ ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው።

ዋናውን ከረንት ሳይነካ ኖይዙን ብቻ ለይቶ የሚያግደው እንዴት ነው?

እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት ሰዎች ገመድ ሲጓተቱ አስቡ። ሁለቱም ያልባቸዋል፤ ገመዱ ግን ንቅንቅ አይልም። ቾኩ ውስጥም እንዲሁ ነው። የሚሄደው ከረንት ኮሩ ውስጥ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚዞር ማግኔታዊ ፍሰት ይፈጥራል። የሚመለሰው ያንኑ ያህል በተቃራኒው ይፈጥራል። ይጣፋሉ። ለዋናው ከረንት ቾኩ ቁራጭ ሽቦ ነው ማለት ይቻላል።

ኖይዙ ሲመጣ ሁለቱም ሰዎች ወደ አንድ ወገን መጎተት ይጀምራሉ። ፍሰቱ ይደመራል። ያኔ ቾኩ ሙሉ ኢንዳክታንሱን፣ ማለትም የከረንት ለውጥን የመቃወም አቅሙን፣ ያሳያል። 10 ሚሊሄንሪ የሆነ ቾክ በ150 ኪሎኸርትዝ ለኮመን ሞድ 9,400 ኦም ገደማ ይሆናል። ለዋናው ከረንት የሚቀረው ሊኬጅ ኢንዳክታንስ የሚባለው ትርፍራፊ ብቻ ነው። እሱም ብዙ ጊዜ ከጠቅላላው ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ቢሆን ነው።

ኖይዙ ከየት ነው የሚመጣው?

በአብዛኛው ከፈጣን ማብራት ማጥፋት። ስዊችንግ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለው ሞስፌት (እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራ ትራንዚስተር) በሰከንድ 65,000 ጊዜና ከዚያም በላይ ይበራል፣ ይጠፋል። በእያንዳንዱ ጊዜ ቮልቴጁ በመቶዎች ይዘላል፣ ያውም በናኖሰከንዶች ውስጥ። ሞስፌቱ ደግሞ ከሂት ሲንኩ፣ ሙቀቱን ከሚያወጣለት ብረት፣ የሚለየው በአንድ ስስ ሽፋን ነው። ብረት፣ ሽፋን፣ ብረት። ይሄ ካፓሲተር ነው። ማንም ገዝቶ አላስገባውም፤ ግን አለ።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ይህቺ ያልተጠራች ካፓሲተር 50 ፒኮፋራድ ትሁን። ቮልቴጁ በ50 ናኖሰከንድ ውስጥ 300 ቮልት ይውጣ። ካፓሲታንሱን በቮልቴጁ የለውጥ ፍጥነት ስናባዛ 0.3 አምፒር እናገኛለን። ለቅጽበት ነው፤ ግን 0.3 አምፒር ወደ ሂት ሲንኩ፣ ከዚያም ወደ ኤርዝ ዘለለ ማለት ነው። በትራንስፎርመሩ ሁለት ጥቅልሎች መካከልም ተመሳሳይ ድልድይ አለ። የሞተር ኢንቨርተር፣ የኤልኢዲ ድራይቨር፣ ፈጣን የዲጂታል መስመር፣ የሁሉም ዘዴ ያው ነው።

ጥቂት ማይክሮአምፒር ይህን ያህል ያስጨንቃል እንዴ?

ያስጨንቃል። ሁለት ጎን ለጎን የሚሄዱ ሽቦዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ከረንት ሲይዙ የሚረጩት ሞገድ እርስ በርሱ ይጣፋል። በአንድ አቅጣጫ ሲይዙ ግን ይደመራል። ያኔ ኬብላችሁ ኬብል መሆኑ ቀርቶ አንቴና ይሆናል። 1 ሜትር ኬብል በ50 ሜጋኸርትዝ 5 ማይክሮአምፒር ብቻ ኮመን ሞድ ቢይዝ፣ በ3 ሜትር ርቀት ላይ 100 ማይክሮቮልት በሜትር ገደማ ይረጫል። ይህ የአሜሪካው የመገናኛ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤፍሲሲ በዚያ ፍሪኩዌንሲ ለቤት ውስጥ እቃዎች ያስቀመጠው ጣሪያ ነው። 5 ማይክሮአምፒር! ብዙ መልቲሜትሮች የማያዩት ነገር ነው።

ከ30 ሜጋኸርትዝ በታች ደግሞ የሚለካው በአየር ሳይሆን በኤሌክትሪክ ገመዱ በኩል የሚወጣው ኖይዝ ነው። ሲስፕር 32 የሚባለው ደንብ ከ150 ኪሎኸርትዝ እስከ 30 ሜጋኸርትዝ ያለውን ይፈትሻል። የፓወር ሰፕላይ ቾክ ዋና ሥራው እዚህ መስክ ላይ ነው።

ቻርጀሬን ስከፍት የቾኩ ቦታ በሁለት ቁራጭ ሽቦ ተዘሏል። እየሠራ ግን ነው። ታዲያ ቾኩ ትርፍ ነው?

ቦርዱ ላይ የቾኩ ምልክት ታትሞ፣ አራቱ ቀዳዳዎች ተበስተው፣ ሁለት ሽቦ ብቻ ተዘርግቶ ማየት የተለመደ ነው። ዲዛይን ያደረገው ሰው አስቦበት ነበር፤ ወጪ የቆጠረው ሰው አወጣው። ቻርጀሩ ይሠራል፣ ምክንያቱም ቾኩ ለቻርጀሩ ብሎ የገባ አይደለም። ለጎረቤቶቹ ነው።

ምልክቱን ራሳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ስልኩ ቻርጅ ላይ እያለ ስክሪኑ ሳትነኩት የሚዘል፣ አንዱን ፊደል ስትጫኑ ሌላው የሚጻፍ ከሆነ፣ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ሞክሩ። ከተስተካከለ በገመዱ የመጣ ኮመን ሞድ ኖይዝ የመሆኑ ነገር ሰፊ ነው። መካከለኛ ሞገድ ሬዲዮም ቻርጀር አጠገብ ሲቀመጥ ይጮሃል።

በላፕቶፕ ገመድ ጫፍ ላይ ያለው እብጠትስ?

እሱም ኮመን ሞድ ቾክ ነው። ውስጡ የፌራይት (ከብረት ኦክሳይድ የተሠራ ማግኔታዊ ሴራሚክ) ቱቦ አለ፤ ሙሉው ኬብል፣ መሄጃውም መመለሻውም፣ በአንድ ላይ ያልፍበታል። አንድ ጊዜ ማለፍ እንደ አንድ ዙር ይቆጠራል። ተከፍቶ የሚገጠመው፣ ቀጭ የሚለው ዓይነትም እንዲሁ ነው። ጥቅሙ ቦርድ መንካት አያስፈልግም። ኖይዝ ስፈልግ መጀመሪያ የምሞክረው እሱን ነው።

የሚሳሳቱት ነገር ቢኖር ከኬብሉ አንዱን ሽቦ ብቻ ለይተው ማሳለፋቸው ነው። ያኔ ዋናው ከረንት የሚያጣፋው አጥቶ ኮሩን ያጠግበዋል፣ ማለትም ኮሩ ተጨማሪ ማግኔታዊ ፍሰት መያዝ ያቅተዋል፤ ጥቅሙም ይሄዳል።

ኬብሉን ደጋግሜ ባዞረውስ?

ይጠቅማል፣ በደንብ። ኢምፒዳንሱ፣ ማለትም ለተለዋዋጭ ከረንት የሚያሳየው ተቃውሞ፣ የሚያድገው በዙሩ ስኩዌር ነው። ሁለት ጊዜ ቢያልፍ አራት እጥፍ፣ ሦስት ጊዜ ቢያልፍ ዘጠኝ እጥፍ። የሚቆጠረው በቀዳዳው ውስጥ ያለፈበት ጊዜ ነው እንጂ በውጭ የዞረው አይደለም።

ግን መጨረሻ የለውም ማለት አይደለም። ዙሮቹ ሲጠጋጉ በመካከላቸው ካፓሲታንስ ይፈጠራል። ከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ኮሩን ሳይነካ በዚያ ይሻገራል። ለ10 ሜጋኸርትዝ የጠቀመው ብዙ ዙር ለ200 ሜጋኸርትዝ ሊጎዳ ይችላል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዙር አጠገብ ለአጠገብ እንዳይሆኑ ክፍተት ተዉላቸው።

በሱ ፋንታ ሁለት ተራ ፌራይት ቢድ ባስገባስ?

ቢድ በአንድ ሽቦ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ዋናውን ከረንትም ኖይዙንም አብሮ ያያል። የዲሲ ከረንቱ ሲበዛ ኮሩ ይጠግብና በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ኢምፒዳንስ አብዛኛው ይጠፋል። ለትንንሽ ከረንት ይበቃል። ፈጣን ዲፈረንሻል ምልክት ላይ ግን ምልክቱን ራሱን ያበላሸዋል።

ለፓወር ሰፕላይ ስንት ሚሊሄንሪ ልምረጥ? ትልቅ ሁልጊዜ ይሻላል?

ለትንንሽ የኤሌክትሪክ መስመር ፊልተሮች ከ1 እስከ ጥቂት አሥር ሚሊሄንሪ የተለመደ ነው። የሚወስነው ግን ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ትልቅ ኢንዳክታንስ ማለት ብዙ ዙር፣ ብዙ ዙር ማለት ቀጭንና ረጅም ሽቦ፣ ረጅም ሽቦ ማለት ሙቀት ነው። እያንዳንዱ ጥቅልል 50 ሚሊኦም ቢሆንና 3 አምፒር ቢያልፍ፣ ሁለቱ አንድ ላይ 0.9 ዋት ያሞቃሉ። በታሸገ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይሄ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ችግር ቅድም ያነሳነው ካፓሲታንስ ነው። 10 ሚሊሄንሪ ቾክ በጥቅልሉ ላይ 10 ፒኮፋራድ ቢኖረው በ500 ኪሎኸርትዝ አካባቢ ሁለቱ ይተካከላሉ፤ ይህ ሬዞናንስ ይባላል። ከዚያ በላይ ኢንዳክተርነቱ ቀርቶ እንደ ካፓሲተር መሆን ይጀምራል። ለዚህ ነው አንዳንዱ ፊልተር ሁለት ቾክ የሚደረድረው፦ አንድ ትልቅ ለታችኛው፣ አንድ ትንሽ ለላይኛው ፍሪኩዌንሲ። ስትመርጡ የኢንዳክታንሱን ቁጥር ትታችሁ ኢምፒዳንስ በፍሪኩዌንሲ የሚያሳየውን ግራፍ እዩ። ግራፍ የሌለው እቃ ከሆነ እኔ አልገዛውም።

ዋይ ካፓሲተር ለምን አብሮ ይገባል?

ቾክ በር ይዘጋል። ግን የተዘጋበት ከረንት አይጠፋም፤ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። ዋይ ካፓሲተር ያቺን መውጫ የሚሰጠው ነው፦ ከእያንዳንዱ መስመር ወደ ኤርዝ የሚገባ፣ ኖይዙን በአጭር መንገድ ወደ ተነሳበት የሚመልስ። ቾኩ አጥሩ ነው፣ ካፓሲተሩ የውስጥ በር። አንዱን ብቻ ያስገባ ሰው ግማሽ ሥራ ነው የሠራው።

በቁጥር እንየው። 10 ሚሊሄንሪ ቾክ፣ ሁለት 4.7 ናኖፋራድ ዋይ ካፓሲተር። ለኮመን ሞድ ሁለቱ ካፓሲተሮች ይደመሩና 9.4 ናኖፋራድ ይሆናሉ። የቾኩና የካፓሲተሮቹ ኢምፒዳንስ የሚተካከልበት ፍሪኩዌንሲ 16 ኪሎኸርትዝ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ በየአሥር እጥፉ 40 ዲሲቤል ስለሚቀንስ፣ በ150 ኪሎኸርትዝ በወረቀት ላይ 38 ዲሲቤል ታገኛላችሁ። ቦርዱ ላይ ከዚህ ያንሳል፤ አቅጣጫውን ግን ያሳያል።

ካፓሲተሩን እንደፈለጋችሁ ማሳደግ አትችሉም። 4.7 ናኖፋራድ በ230 ቮልትና በ50 ኸርትዝ 0.34 ሚሊአምፒር ወደ ኤርዝ ያፈሳል። ኤርዝ ላላቸው ብዙ እቃዎች የተፈቀደው ጣሪያ 3.5 ሚሊአምፒር ነው፤ ኤርዝ ለሌላቸው ከዚህ በጣም ያነሰ። የብረት አካል ያለው ላፕቶፕ ቻርጅ ላይ እያለ በእጅ ጀርባ ስታሹት የሚነዝር የሚመስለው ስሜት ከዚህ ዓይነት ካፓሲተር የሚመጣ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ ቀልድ የለውም፦ በዋይ ካፓሲተር ቦታ ተራ ሴራሚክ ካፓሲተር አታስገቡ። ዋይ የሚባለው ሲበላሽ ሾርት እንዳይሆን ታስቦ የተሠራና የተፈተነ ነው። ተራው ተቃጥሎ ሾርት ቢሆን እቃው በእጃችሁ ላይ ኤሌክትሪክ ይሆናል።

ኮሩ ከምን የተሠራ ይሁን?

ፌራይት የተገኘው በ1930 ቶኪዮ ውስጥ፣ በዮጎሮ ካቶና በታኬሺ ታኬይ ነው። ዛሬም አብዛኛው ቾክ እሱ ነው። ሁለት ቤተሰብ አለው። ማንጋኒዝ ዚንክ ፐርሚያቢሊቲው (ማግኔታዊ ፍሰትን የማሳለፍ አቅሙ) ከፍ ያለ ነው፤ ለቾክ ከ5,000 እስከ 15,000 ያለው የተለመደ ነው። ከ150 ኪሎኸርትዝ እስከ ጥቂት ሜጋኸርትዝ ጎበዝ ነው። ኒኬል ዚንክ ፐርሚያቢሊቲው ያንሳል፣ ግን እስከ መቶዎች ሜጋኸርትዝ ይዘልቃል፤ ለኬብልና ለዳታ መስመር እሱን ፈልጉ። ከውጭ ሁለቱም ጥቁር ግራጫ ድንጋይ ናቸው፤ በዓይን አይለዩም። በኦም ሜትር ሲነኩ ግን ማንጋኒዝ ዚንኩ ቀለም ካልተቀባ መጠነኛ ኦም ያሳያል፣ ኒኬል ዚንኩ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያሳይም።

ሦስተኛው ናኖክሪስታላይን ነው። የጃፓኑ ሂታቺ ሜታልስ ተመራማሪዎች በ1988 ያስተዋወቁት፣ 20 ማይክሮሜትር ገደማ ከሚሳሳ የብረት ጥብጣብ የሚጠቀለል ኮር ነው። ፐርሚያቢሊቲው ከ20,000 እስከ 100,000ና በላይ ይሄዳል፤ የሚጠግበውም በ1.2 ቴስላ ነው፣ ፌራይት ከ0.4 አካባቢ በማይዘልበት። ስለዚህ በትንሽ ቦታ ብዙ ኢንዳክታንስ ይሰጣል። ሙቀትም ይችላል። ፐርሚያቢሊቲው 10,000 የሆነ ፌራይት ግን 130 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ማግኔትነቱን ያጣል፣ እዚያ ሳይደርስም ይዳከማል። ናኖክሪስታላይን ውድ ነው፤ ቦታና ሙቀት ካላስጨነቃችሁ ፌራይት ይበቃችኋል።

ፍሰቱ የሚጣፋ ከሆነ ኮሩ በምን ይጠግባል?

በሁለት መንገድ። አንደኛው ሊኬጁ ነው። ሁለቱ ጥቅልሎች በቀለበቱ ግራና ቀኝ ሲራራቁ የሁሉም ፍሰት አይጣፋም፤ ጥቂቱ በአየር በኩል ይዞራል። ሬክቲፋየር (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይር) ያለው ፓወር ሰፕላይ ከረንት የሚስበው ለአጭር ጊዜ፣ በሹል ጫፍ ነው። አማካዩ 1 አምፒር የሆነ እቃ ጫፉ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በዚያች ቅጽበት ኮሩ በከፊል ይጠግብና ኖይዙ ያልፋል። ቾክ ስትመርጡ አማካዩን ሳይሆን ጫፉን አስቡ።

ሁለተኛው የከፋው ነው፦ ከረንቱ በሄደበት ካልተመለሰ። ሁለት ቦርዶች በቾክ በኩል ፓወር ይቀባበላሉ እንበል፤ ግራውንዳቸው ግን በሌላ ኬብል፣ ለምሳሌ በዩኤስቢ፣ ተገናኝቷል። የመመለሻው ከፊሉ በዚያ ያመልጣል። ልዩነቱ ኮሩ ላይ ይቀራል። 10 ሚሊሄንሪ፣ 30 ዙር፣ 50 ስኩዌር ሚሊሜትር የሆነ ፌራይት 50 ሚሊአምፒር ገደማ ልዩነት ብቻ ያጠግበዋል። 5 አምፒር ይችላል የተባለ ቾክ በ50 ሚሊአምፒር ከጨዋታ ይወጣል። ቁጥሩ እኔንም መጀመሪያ ሳሰላው አስደንግጦኛል።

ገልብጬ ገጥሜው ቢሆንስ? በምን አውቃለሁ?

ከተገለበጠ ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ዋናው ከረንት ሙሉ ኢንዳክታንሱን ያያል፣ ኖይዙ ደግሞ በነፃ ያልፋል። ሎድ ሲጨምር ቾኩ ያጉረመርማል፣ ይሞቃል፣ ኮሩ ይጠግባል። አብዛኛው ቦርድ ላይ የሚገጠም ቾክ እግሮቹ እንዲህ እንዳይሆን ታስበው የተደረደሩ ናቸው። ችግሩ ራሳችሁ ስትጠመጥሙ ወይም ሌላ ዓይነት ስትተኩ ነው።

ኢንዳክታንስ የሚለካ ሜትር ካላችሁ ሥራው የአንድ ደቂቃ ነው። ቾኩን አውጡ። በሎዱ በኩል ያሉትን ሁለት እግሮች በቁራጭ ሽቦ አገናኟቸው። አሁን በኤሌክትሪኩ በኩል ባሉት ሁለት እግሮች መካከል ለኩ። ሜትሩ የሚያየው የሄደውን የሚመለስ ከረንት ነው። እያንዳንዱ ጥቅልል 10 ሚሊሄንሪ ከሆነ፣ ትክክለኛው 100 ማይክሮሄንሪ ገደማ ያሳያል፤ ይሄ ሊኬጁ ነው። የተገለበጠው ግን 40 ሚሊሄንሪ ያሳያል። 20 አይደለም፤ ዙሩ እጥፍ ስለሆነ ኢንዳክታንሱ አራት እጥፍ ነው። ተራ መልቲሜትር የትኞቹ እግሮች የአንድ ጥቅልል እንደሆኑ ይነግራችኋል፤ አቅጣጫውን አይነግራችሁም።

ዩኤስቢና ካን መስመር ላይስ እንዴት ነው?

ሐሳቡ ያው ነው፣ አጠማጠሙ ይለያል። የዳታ ቾክ ሁለቱ ሽቦዎች ጎን ለጎን ተጣብቀው አብረው ነው የሚጠመጠሙት። ሊኬጁ ትንሽ ስለሚሆን ፈጣኑን ምልክት አይጎዳም። የኤሌክትሪክ መስመር ቾክ ግን ጥቅልሎቹ ይራራቃሉ፤ ፌዝና ኒውትራል ተጣብቀው እንዲኖሩ የሚፈልግ የለም።

ዩኤስቢ 2.0 ላይ ሰው ሁሉ የሚደናገርባት ቁጥር አለች፦ 90 ኦም። የመስመሩ ዲፈረንሻል ኢምፒዳንስ 90 ኦም ነው። ብዙ የዩኤስቢ ቾኮችም 90 ኦም ተብለው ይሸጣሉ። ሁለቱ ግን አይገናኙም። የቾኩ 90 ኦም በ100 ሜጋኸርትዝ ለኮመን ሞድ የሚያሳየው ኢምፒዳንስ ነው። ቁጥሩ ስለገጠመ ብቻ ተስማሚ ነው ማለት አይደለም፤ ዲፈረንሻል ምልክቱን ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ለብቻው ተመልከቱ።

ካን ላይ፣ ማለትም የመኪና ውስጥ መሣሪያዎች በሚነጋገሩበት መስመር ላይ፣ 51 ወይም 100 ማይክሮሄንሪ የተለመደ ነው። እዚያ አንድ ወጥመድ አለ። የባሱ ሽቦ በድንገት ከባትሪ ጋር ቢነካካ ቾኩ ያጠራቀመውን ጉልበት በሹል ቮልቴጅ ይመልሰዋል፤ ትራንሲቨሩ (ምልክቱን የሚልከውና የሚቀበለው ቺፕ) ከሚችለው በላይ ሊሆን ይችላል። መከላከያ ዳዮድ የምታስገቡ ከሆነ በቾኩና በትራንሲቨሩ መካከልም ያስፈልግ እንደሆነ አስቡበት።

ቾኩን አስገባሁ፣ ኖይዙ ግን ንክች አላለም። ለምን?

በጣም የሚበዛው ምክንያት ኖይዙ ቾኩን ዘሎት መሄዱ ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ ፓወር ሰፕላይ ጋር ሁለት ቀን ሙሉ ተፋጥጫለሁ። 5 ሚሊሄንሪ፣ 10፣ 20 እየቀያየርኩ። ኦሲሎስኮፑ (ቮልቴጅን በሥዕል የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ ያለው ሹል ጫፍ ቅንጣት አልወረደም። በመጨረሻ እጄ ሲሰለች የሚገባውን ሽቦ በፕላስቲክ ዘንግ ገፋ አደረግኩት፤ ጫፉ ወዲያው ግማሽ ሆነ። ሽቦው ቾኩን ካለፈ በኋላ፣ ማለትም በንጹሑ በኩል፣ በሂት ሲንኩ አጠገብ ይሄድ ነበር። ኖይዙ ከሂት ሲንኩ በአየር በቀጥታ ንጹሑ ሽቦ ላይ ይዘላል። ቾኩን ምን አስቸገረው? በአራት ሴንቲሜትር አራቅኩት፣ አለቀ።

ስለዚህ ቾኩን ከኮኔክተሩ አጠገብ አስቀምጡት። የገባውና የወጣው መስመር ጎን ለጎን አይሂዱ። ከቾኩ ሥር የግራውንድ መዳብ አትተዉ፤ ሁለቱን ወገን በካፓሲታንስ ያገናኛል። ከትራንስፎርመሩም አርቁት፤ የትራንስፎርመሩ ማግኔታዊ ፊልድ ቾኩ ላይ አዲስ ኖይዝ ይጭናል።

ሌላው ምክንያት ኖይዙ ኮመን ሞድ አለመሆኑ ነው። ለማወቅ የከረንት ክላምፕ (ሽቦውን አቅፎ ከረንት የሚለካ መሣሪያ) በሁለቱም ሽቦ ላይ አንድ ላይ አድርጉ። ክላምፑ ከፍተኛ ነገር ካሳየ ኮመን ሞድ ነው። አንድ ላይ ዝም ብሎ በአንዱ ብቻ ሲሆን የሚጮህ ከሆነ ዲፈረንሻል ነው፤ መድኃኒቱ በሁለቱ መስመሮች መካከል የሚገባ ኤክስ ካፓሲተርና ተራ ኢንዳክተር ነው። ክላምፕ ከሌላችሁ ተከፍቶ በሚገጠም ፌራይት ላይ አምስት ዙር ሽቦ ጠምጥማችሁ ከኦሲሎስኮፑ 50 ኦም መግቢያ ጋር አገናኙት። ትክክለኛ ቁጥር አይሰጥም፤ መጨመር መቀነሱን ግን ያሳያል።

ስፒከሬ እንደ ንብ ይጮሃል። ቾክ ይረዳኛል?

ድምፁ ወፍራም የ50 ኸርትዝ ጩኸት ከሆነ፣ አይረዳም። 10 ሚሊሄንሪ በ50 ኸርትዝ 3 ኦም ገደማ ነው። 3 ኦም ለግራውንድ ሉፕ፣ ማለትም የሁለት እቃዎች ግራውንድ ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ሲገናኝ ለሚፈጠረው ቀለበት፣ ምንም ነው። የኦዲዮ ኢሶሌሽን ትራንስፎርመር አስገቡ፣ ወይም ሉፑን ፈልጋችሁ ፍቱት። ኤርዙን መንቀል ግን መፍትሔ አይደለም። ከጩኸቱ ሥር የሬዲዮ ጣቢያ የሚሰማችሁ ከሆነ ያኔ ፌራይት ይጠቅማል።

ኤርዙን ሽቦ አብሬ በኮሩ ውስጥ ላሳልፈው?

ይህ ነው ነገሩን የገባውን ካልገባው የሚለየው ጥያቄ። መልሱ ያ ሦስተኛው መንገድ የት ነው በሚለው ላይ ይወሰናል።

የሞተር ድራይቭ ውሰዱ። ኖይዙ በሦስቱ ፌዞች ሄዶ፣ በሞተሩ አካል በኩል ወጥቶ፣ በኤርዙ ሽቦ ይመለሳል። ከፊሉ በሞተሩ ቤሪንግ በኩል ያልፍና ቤሪንጉን ቀስ በቀስ ይበሳሳዋል። እዚህ ሦስቱን ፌዞች በናኖክሪስታላይን ቀለበት ውስጥ አሳልፉ፤ ኤርዙን ውጭ ተዉት። ኤርዙም ከገባ የሄደውና የተመለሰው ኮሩ ውስጥ ተጣፍቶ ቀለበቱ ጌጥ ይሆናል።

አሁን ደግሞ የኮምፒውተር ገመድ ውሰዱ፤ ፌዝ፣ ኒውትራልና ኤርዝ ያለው። ችግራችሁ ገመዱ በሙሉ አንቴና ሆኖ መርጨቱ ከሆነ፣ ኖይዙ የሚሄደው በሦስቱም ሽቦዎች ነው፤ የሚመለሰው በአየር። ያኔ ሦስቱም በፌራይቱ ውስጥ ማለፍ አለባቸው። ኤርዙን ብታስቀሩት ኖይዙ በእሱ ይወጣል። ስለዚህ ፌራይቱን ከመግጠማችሁ በፊት ወረቀት አውጡና ከረንቱ የሚመለስበትን መስመር በእጃችሁ ሳሉት። የተሳለው መስመር ቀለበቱን በሄደበት መልሶ የሚያልፈው ከሆነ፣ ቀለበቱ የተቀመጠው የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው።